ዕጣው ሳይወጣ

በጌታ ወንድሜ ለሆንከው፤

ሰላምታዬ ከመርከቡ ቀድሞ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? የደሴቱ ንዳድ ተወህ ወይስ ዝናብ በመጣ ቁጥር ይመላለስብሃል? የባለቤትህን ዕረፍት ከሰማሁ ወዲህ ምን ብዬ እንደማጽናናህ ቸግሮኝ ከረምኩ። ጌታ ነፍሷን ያሳርፍ። ደግ ሴት ነበረች ይላሉ፤ እኔም ሳላውቃት ስቀናባት ስለኖርኩ ደግነቷን አልጠራጠርም። እኔ ተመስገን ደህና ነኝ። ዓይኔ ብቻ መርፌ ላይ ሰነፍ ብላለች።

መንደራችን ቤተልሔም እንዳለች ናት። ወፍጮው ይዞራል። ባለፈው ጸደይ የሊሃይ ወንዝ ሞልቶ ጀልባ አሻጋሪውን ከነጀልባው ሊወስደው ነበር፤ ሰውዬው ወንዙን እየተሳደበ ወጣ። በጦርነቱ ጊዜ ቁስለኛ የታጨቀበት የላጤ ወንድሞች ቤት ግድግዳው ተለስኖ ነጭ ሆኗል፣ ሽታው ግን ከእኔ አፍንጫ አልወጣም። ላጤ እህቶችም ዛሬም በራሳቸው ቤት፣ ጣሪያው ሥር ባለው ሰፊ ክፍል ተደርድረው ይተኛሉ። ሳሎሜ ዛሬም ታንኮራፋለች፣ ዛሬም አላንኮራፋም ብላ ትምላለች።

ትዝ ይልሃል፣ ከወንድሞች ቤት ጣሪያ ላይ ቆመህ ጥሩምባ ስትነፋ? ሰው በሞተ ቁጥር ሥራችንን አቁመን ጆሯችንን እንሰጣለን። ላገቡት የራሳቸው ዜማ፣ ለመበለቶች የራሳቸው፣ ላላገባነው የራሳችን አለን፤ ማን እንደሞተ ስሙ ሳይጠራ ግማሹን እናውቃለን። ከነፊዎቹ ሁሉ ያንተን እለየው ነበር፤ ዜማው ሊያልቅ ሲል ትንፋሽ ያጥርህ ነበር። ሰው ሞቶ እኔ ደስ ይለኝ ነበር፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ! ላጤ ወንድና ላጤ ሴት በአንድ መንገድ በማይሄዱበት መንደር ታዲያ ሌላ በምን ልስማህ?

ከዚያ እኔን ለማግባት ሽማግሌዎቹን ጠየቅክ። እነሱም እንደ ማኅበራችን ሥርዓት ጸልየው ዕጣ አወጡ። «አይሆንም» የሚለው ወረቀት ወጣ፤ ጌታ ተናግሯል ተባለ፤ እኛም አሜን አልን። አንተ ወንጌል ልታስተምር ወደ ደሴቱ ተላክህ፣ እዚያም ዕጣው የሰጠህን ሴት አገባህ። እኔ እህቶች ቤት ቀረሁ። እንዴት አሜን እንዳልኩ ዛሬም ይገርመኛል።

ባለፈው መኸር፣ የባለቤትህን ዕረፍት ገና ሳልሰማ፣ ልብስ እያጠብን ሳለ ጥሩምባው ተነፋ፣ ያገቡ ሰዎች ዜማ። በዚያው ሰሞን ከደሴቶቹ ፖስታ ገብቷል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ባሕር ማዶ ለሞተ ወንድምም ወሬው ሲደርስ እንደሚነፋ ታውቃለህ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ የያዝኩትን አንሶላ ጭቃ ላይ ጥዬ ስምህን ጠርቼ ጮህኩ። እህቶች ሁሉ ዞረው አፈጠጡብኝ። ሳሎሜ፣ «አንቺ! የሞተችው እኮ የበርሜል ሠሪው ሚስት ናት! ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰድብሽ ኖራ ለእሷ ነው እንዲህ የምትሆኚው?» ብላ ሳቀች። ወዲያው ፊቴን አይታ ሳቋን ዋጠች። አንሶላውን አንስታ እንደገና አጠበችልኝ።

በረዶ መጣል ሲጀምር ያንተ ጥያቄ ደረሰ። አለቃችን እህት ቤኒግና አስጠርተውኝ፣ «ወንድማችን ሚስቱን ቀብሯል። አሁንም አንቺን ይጠይቃል። ዕጣ ይውጣ ትያለሽ? ካልፈቀድሽ የሚያስገድድሽ የለም» አሉኝ። እኔም ትንፋሽ ሳልወስድ፣ «አይውጣ» አልኩ። «አስበሽበታል?» አሉ። «አዎ፣ አይውጣ» አልኳቸው። «ተመስገን፣ በዚህ ዕድሜሽ ንዳድ አገር ምን ልትሆኚ!» ብለው ግንባሬን ሳሙኝና እምቢ አለች ብለው ጻፉልህ።

ደብዳቤያቸው ከዚህ ጋር በአንድ መርከብ ይመጣልሃል። እባክህ የእኔን አስቀድመህ አንብብ። እሳቸው አልዋሹም፣ እምቢ ብያለሁ። እምቢ ያልኩት ግን ዕጣውን ነው። አንዴ ብጣሽ ወረቀት ስለ እኔ መልስ ሰጥቷል፤ ደግሞ «አይሆንም» ቢለኝ የምችልበት አንጀት የለኝም። አንተን እምቢ አላልኩም። አንተን እምቢ ብዬህም አላውቅም።

ይህን የምጽፍልህ ከፊላደልፊያ ነው። የላጤ ሴት ምልክት የሆነውን ሮዝ የቆብ ጥብጣቤን ፈትቼ ለሳሎሜ ሰጠኋትና ወጣሁ፤ አለቀሰች፣ ደግሞም ስንቅ ቋጠረችልኝ። ወደቡ አጠገብ አንዲት መበለት ቤት ጥልፍ እየጠለፍኩ እኖራለሁ። እዚህ ሰው ሲሞት ደወል ይደወላል፣ ማን እንደሞተ የሚያውቅ የለም፤ የሚጠይቅም የለም። እኔ ብቻ መርፌዬን አቁሜ ጆሮዬን እሰጣለሁ።

ያለ ዕጣ የሚያገባ ከማኅበሩ እንደሚወጣ ለአንተ አልነግርህም። የእናቴ መቃብር ካለበት ሜዳ እኔ አልቀበርም ማለት ነው። እኔ ለራሴ ቆርጫለሁ። አንተ ግን ሥራህም፣ የምታስተምራቸው ሰዎችም እዚያ ናቸውና ላንተ ልቆርጥልህ አልችልም። ብትመጣ እዚህ ነኝ። ብትቀርም አልቀየምህም። ውሸቴን ነው፣ እቀየምሃለሁ።

ጌታ ከንዳድና ከማዕበል ይጠብቅህ፤ እጅህን ይባርክ፣ እንቅልፍህን ያጣፍጥልህ። የሁለታችንንም ፀጉር ዕድሜ ነጭ አድርጎታልና ለመልሱ ብዙ አትጸልይበት።

ወደቡን በየቀኑ የምታይ፣
እህትህ