በየሳምንቱ የሚለዋወጠው ሶፋ

ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ለዕዝራ፤

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? እህል ይበላልሃል? እንቅልፍስ ይወስድሃል? እኛ ከወበቁና ከናፍቆትህ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ስለ ወገቤ ማን ነገራት ብለህ መደንገጥህ አይቀርም። እኔም ከድንጋጤዬ ገና አልተመለስኩም።

ኛሙዎንን ታውቃታለህ፤ እኔ የምሠራበት ትምህርት ቤት ሳይንስ የምታስተምረው። ለሥልጠና አዲስ አበባ ስትሄድ የደረቀ ዓሣ ቋጥሬ፣ ለአንተ እንድታደርስልኝና ቤትህንም አይታ እንድትነግረኝ አደራ አልኳት። ስልክህን አላነሳ ስትላት ፌስቡክ ላይ በምትለጥፈው ፎቶ የተጻፈውን ሰፈር ጠያይቃ ሄደች። ያገኘችህ የቤት ዕቃ መሸጫ በር ላይ፣ ሶፋ ተሸክመህ ጎብጠህ ነው። ወደ ውስጥ ብታይ ቤትህ መስሎን ፎቶው ላይ ያየነው ሳሎን፣ ያ አልጋ፣ ያ ቁም ሳጥን ሁሉ ዋጋ ተለጥፎበት ተደርድሯል። ይህን ስትነግረኝ ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ያንን ሶፋ እያየሁ ስንት ጊዜ አርሬያለሁ መሰለህ! እሱ በየሳምንቱ ይቀይራል፣ እኛ ፕላስቲክ ወንበር ላይ አረጀን እያልኩ ባሌን ስነዘንዘው፣ ምስኪን ተክሌ ከቢሮ ሲወጣ ቤት መግባት ፈርቶ ገበያ ለገበያ ይዞር ነበር። እማዬ ግን ስለ ፎቶህ ባወራሁላት ቁጥር የምትጠይቀኝ ከስቶ እንደሆነ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ስለ ሶፋው ጨርቅ እነግራታለሁ። ፊትህን አላየሁትም፣ ወንድሜ።

ይባስ ብሎ ያስደነገጠኝ ለኛሙዎን የመለስክላት ነው። ለምን አገርህ አትገባም ስትልህ ስልክህን አውጥተህ የእኔን ፎቶ አሳየሃት። «እህቴ ይህን የመሰለ ቤት ሠርታ እኔ ባዶ እጄን በምን ፊቴ ልግባ?» አልካት። ያ በረንዳ እኮ የሆቴል ነው! የሥራ ባልደረባችን የኦጆት ሰርግ ላይ የተነሳሁት ነው፤ «ተመስገን» ብዬ ለጠፍኩት። ቤታችን ያው አንተ የምታውቀው ነው፣ ጣሪያው ብቻ ብሶበታል። በዚያ በረንዳ ምክንያት ነው ሁለት ዓመት የቀረኸው?

የደበቅኩህም አለ። የእማዬ ዓይን ከጠፋ ከራርሟል። ሐኪሞች ሞራ ነው፣ ይገፈፋል ብለዋታል፤ ለብቻዬ ግን እሷን ይዤ ለሕክምና ጅማ መሄድ ከበደኝ። ደልቶታል፣ ለምን ልረብሸው ብዬ ነው ዝም ያልኩህ። ትናንት ሁሉንም፣ የምትሸከመውንም ጭምር ነገርኳት። 

ተክሌ ሰላም ይልሃል፤ መናኸሪያ ድረስ መጥቼ እቀበለዋለሁ ብሏል። ትንሿ ልጄ አቢጋኤል አንተ ከእሷ ጋር እንድትተኛ አልጋዋን አስፍታልሃለች። ኛሙዎን ወገቡን ሳይታይ ዕቃ እንዳያነሳ ትላለች። ለሰርጉ ቀሚሷን ያዋሰችኝ ጎረቤታችን ፍርዶስም ሰላምታዬን አድርሺልኝ ብላለች። እማዬ ደግሞ ይህን ጻፊለት አለችኝ፦ «ፎቶውን ተወው፣ አይታየኝም። አንተ ና፤ በእጄ ልዳብስህ።»

እህትህ የሺአረግ
ጋምቤላ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.