አራስ ቀዝቃዛ አትጠጣም

ሰኞ፣ ሐምሌ 7

ፈትያ ዛሬ አፏን ፈታች። "አይስ ማቻ አማረኝ" አለች። ሌላ አልጨመረችም፤ ተመልሳ ወደ ግድግዳው ዞረች።

እማ "ምን አለች? ምን አለች?" እያለች ከኋላዬ ቆማለች። የሚጠጣ ነገር መሆኑን ስነግራት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ አላህን አመሰገነች። በበረዶ የሚጠጣ መሆኑን ስነግራት እጇን አወረደች።

እንግዲህ ልጻፈው። ለማንም አላወራሁትም። ታናሽ እህቴ ባለፈው ሳምንት ብቸና ወለደች። ሴት ልጅ ነበረች። ሳትተነፍስ ነው የወጣችው። ባሏ ጀማል ልጅቷን ቀብሮ፣ ፈትያን እዚህ ሞጣ እናታችን ቤት አድርሶ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ መንገዱ እየተዘጋ እየተከፈተ ነው። እሱ ይደውላል፣ እሷ አታነሳም።

እህል እምቢ ብላለች። ውሃም በስንት ልመና አንድ ሁለት ጉንጭ ብቻ ነው። ፈትያ በመጣች ዕለት እማ ገንፎ አቅርባላት ነበር። "ገንፎ የሚበላው ልጅ ያቀፈ ነው" ብላ ሳህኑን መለሰችው። እማ ከዚያ በኋላ ገንፎ አላነሳችም።

ማቻ አረንጓዴ ሻይ ነው፤ ቅጠሉ እንደ ዱቄት ልሞ የተፈጨ። ፈትያ ከማግባቷ በፊት ባሕር ዳር ካፌ ስትሠራ በወተትና በበረዶ እያዘጋጀች ለደንበኛ ታቀርበው ነበር። አንዴ ስታቀምሰኝ "ይሄ ለላም ነው ለሰው?" ብያት ሆዷን ይዛ ስትስቅ ትዝ ይለኛል። ዱቄቱን ሻንጣዋ ውስጥ አገኘሁት፤ ያልተከፈተ ትንሽ ጣሳ፣ ከሕፃን ልብሶቹ ሥር። ልብሶቹን አላየሁም። አይቻለሁ፤ ግን ቶሎ ሸፈንኳቸው።

እማ አንድ ቃል ነው ያላት፤ አራስ ቀዝቃዛ አትጠጣም። ብርድ አንዴ ከገባባት ዕድሜ ልኳን አይለቃትም ትላለች። መስኮቱን በጋቢ ጋርዳዋለች፣ የበሩን ስንጥቅ በጨርቅ ወትፋዋለች። እኔ ራሴ ክፍሉ ውስጥ ስገባ ያልበኛል።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

ሱቅ ከፍቼ ዋልኩ። በዚህ ዝናብ ጨርቅ የሚገዛ ሰው የለም። አንዲት ሴት ቱሉንም ሻሹንም አስወርዳ፣ ዳስሳ ዳስሳ ሄደች። እኔም ዘጋሁና ወደ ቤት።

አሳቤ፣ የበረዶውን ነገር ኋላ አያለሁ፣ መጀመሪያ መጠጡን መሥራት ልልመድ የሚል ነበር። ዱቄቱን የፈላ ውሃ ላይ በተንኩት። ጓጎለ። ጓሉን ላጣራ ብዬ ወንፊት አነሳሁ። የእማ የበርበሬ ወንፊት ነው፤ የታጠበ መስሎኝ። ስቀምሰው ጉሮሮዬ ተቃጠለ፣ ዓይኔ አለቀሰ፣ ሳል ያዘኝ።

ከመጋረጃው ወዲያ ድምፅ ሰማሁ። "ውሃው አይፍላ፤ ይመራል። ዱቄቱን በደረቁ ንፊው። ከዚያ በጥቂት ውሃ አረፋ እስኪያወጣ ምቺው።" ከመጣች ጀምሮ ይህን ያህል ተናግራ አታውቅም። ደስታዬ የምላሴን ቃጠሎ አስረሳኝ።

ወደ ማታ ሲስተር ብርቱካን ገባች። ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው፤ ከአርባ ምንጭ ተመድባ መጥታ የጓሮ ክፍላችንን ተከራይታለች። የፈትያን ዓይን ገልጣ አየች፣ የክንዷን ቆዳ ቆንጠጥ አደረገች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ሽንቷን ጠየቀቻት። ጠዋት ትንሽ፣ ከዚያ የለም። ሲስተር ፊቷ አላማረኝም። እንዲህ ከቀጠለች ሆስፒታል ገብታ ግሉኮስ እንደሚሰቀልላት ነገረችን። እማ ስለ ቀዝቃዛው ጠየቀቻት።

"እማማ፣ ቀዝቃዛ አይጎዳትም። የሚጎዳት አለመጠጣቷ ነው።"

እማ በአክብሮት አዳመጠቻት። ሲስተር እንደወጣች መስኮቱ ላይ ሁለተኛ ጋቢ ደረበች።

ሌላም አለ፤ ልጻፈው። ጡቷ ሞልቷል። ወተቱ ልብሷን ያርሰዋል። እማ ነጠላ አጥፋ ደረቷን ጠበቅ አድርጋ ታስርላታለች። ያን ጊዜ እኔ ከክፍሉ እወጣለሁ። ድፍረት የለኝም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

ተናድጃለሁ።

ከሱቅ ስመለስ ቤቱ የረጠበ ድርቆሽ ይሸታል። እማ የገብስ አጥሚት ሠርታ ማቻውን ገልብጣበታለች። ከነቅቤው፣ ከነማሩ፣ እየተንተከተከ። መልኩ የኩሬ ውሃ ሆኗል። ፈትያ አንዴ አሸተተችውና ብርድ ልብሱን እስከ ራሷ ሳበችው። ጣሳውን አየሁ፤ ከታች ትንሽ ቀርቷል።

"ያማራት ቅጠሉ አይደል? ቅጠሉ ይኸው፣ ትኩስ አድርጌ ሰጠኋት" አለች እማ። ተንኮል የለባትም፤ ሙሉ ጠዋት ምድጃ ሥር ቆማ ነው የዋለችው። ይህን አሁን ስጽፍ ነው የማስበው። ያኔ አላሰብኩም። አፌ ያመጣልኝን ተናገርኩ።

"ልጅ የለ፣ ምን አራስ አራስ ትያለሽ?"

መካከላችን መጋረጃ ብቻ ነው። ፈትያ ሰምታለች። ቃሉ ከወጣ በኋላ አይመለስም።

እማ ጭልፋውን አስቀመጠች። አልጮኸችም።

"ወልዳለች" አለች። "ዘጠኝ ወር ተሸክማ፣ አምጣ ወልዳለች። ልጅቷን አላህ ወሰዳት። መውለዷን ማን ይወስድባታል?"

ወደ ሱቅ ተመለስኩ። ለአንድ ሰውዬ የመጋረጃ ጨርቅ አሳጥሬ ቆረጥኩበትና ሌላ ጨምሬ ሰጠሁት።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

ጠፍቶ የሰነበተው መብራት መጣ። ጥዋት አብዱ ጁስ ቤት ሄጄ በረዶ ለመንኩ። "በሐምሌ?" አለና አየኝ፤ ከዚያ የቤታችንን ነገር አስታወሰ መሰለኝ፣ ፔርሙዜን ሞላልኝ። የሻይ ፔርሙዝ በረዶ ይዞ ሲንኳኳ ሰው ሁሉ የሚሰማው መሰለኝ። በሒጃቤ ሸፍኜ ሌባ ሆኜ ነው የገባሁት።

እማ ለቅሶ ቤት ሄዳለች። ጊዜው የኔ ነበር።

በዚህኛው ተሳካልኝ። ከሱቅ አዲስ ቱል ቆርጬ አምጥቻለሁ፤ ለሙሽራ ዓይነ ርግብ የምሸጠውን። ድርብ አድርጌ ዱቄቱን ነፋሁበት። እንደ ጭስ ልሞ ወረደ። ውሃውን አፍልቼ ጣት እስኪያስችል ጠበቅሁት። መምቻ ስለሌለን ክዳን ባለው የማር ጠርሙስ ውስጥ አድርጌ እንደ እርጎ ናጥኩት። አረፋ አወጣ! ብርጭቆው ውስጥ በረዶ፣ በላዩ ወተት፣ በመጨረሻ አረንጓዴውን በቀስታ። ነጩ ከሥር፣ አረንጓዴው ከላይ ቆመ፤ ከዚያ ክር ክር እያለ ይወርድ ጀመር። ካፌ ያየሁትን ነው የሚመስለው። ኮራሁ።

ፈትያ ተደግፋ ተቀመጠች። በሁለት እጇ ይዛ ለረጅም ጊዜ አየችው። "ወተቱ በዝቷል" አለች። ሥራዋ ነው፤ አልተቀየምኳትም። ግን አልጠጣችም።

ምን ጎደለ አልኳት። ቀስ እያለች ነገረችኝ። ጣሳውን የገዛችው እርጉዝ ሆና ነው። በእርግዝና አይሆንም ብለዋት ተወችው። ስትወልድ፣ ልጅቷን ታቅፋ፣ በማግስቱ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ልትጠጣ ለራሷ ቃል ገብታ ነበር። ለዚህ ነው ከልብሶቹ ጋር ያስቀመጠችው። ከዚያ እንዲህ አለች፤ ቃል በቃል ነው የምጽፈው፦

"ሰው ሁሉ 'አላህ ይተካልሽ' ይለኛል። እንደ ጠፋ ዕቃ። አራስ የምትለኝ እማ ብቻ ናት። ተደብቄ ከጠጣሁት አራስ አይደለሁም ማለት ነው።"

በረዶው እጇ ላይ ቀለጠ። ብርጭቆውን ወደ ማድቤት መልሼ ቆሜ ጠጣሁት። ይጣፍጣል። እያለቀስኩ ጨረስኩት።

ዓርብ፣ ሐምሌ 11

መብራት ሄደ። ከጥዋት ጀምሮ ዝናብ።

ፈትያ ዛሬ ምላሷ ደርቆ ቃሉን ይይዝባታል። ስትነሳ አዞራት፣ ደግፌ መለስኳት። ሲስተር ብርቱካን ከሥራ በፊት ገብታ አየቻትና ውጭ ጠራችኝ። የዚህ ሆስፒታል ግሉኮስ አልቆበታል፤ እስከ ነገ ማታ ካልጠጣች እሑድ ጥዋት ወደ ባሕር ዳር ይዘናት እንሂድ አለች። መናኸሪያ ሄጄ ሾፌሩን ጠየቅሁት። መንገዱን አላህ ያውቃል፤ ደርሰንም ልንመለስ እንችላለን አለኝ። ፈራሁ። እስከዛሬ የተናደድኩ ነበር የሚመስለኝ፤ ለካ ፈርቼ ኖሯል።

ከሰዓት በኋላ እማን ጓሮ አገኘኋትና ሁሉንም ነገርኳት። ፔርሙዙን፣ በረዶውን፣ ከእሷ ተደብቄ መሥራቴን። ስለ ረቡዕም ይቅርታ ጠየቅኋት። ስድቡን እየጠበቅሁ ነበር። አልመጣም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦

"አራስ የምትለኝ እማ ብቻ ናት አለች?"

አዎ አልኳት። ድገሚልኝ አለች። ደገምኩላት። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ውዱ ልታደርግ ሄደች።

ወደ ማታ በአብዱ ጁስ ቤት በኩል አለፍኩ። ፍሪዘሩ ቀልጦ አብዱ ወለሉን እየጠረገ ነው። እኔን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12

ከየት ልጀምር።

ዙሁር ተሰግዶ ብዙም ሳይቆይ ሰማዩ ጠቆረ። ከዚያ በረዶ ጣለ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አጠገቤ ያለችውን እማን እንኳ መስማት አልቻልኩም። ሽምብራ የሚያክል፣ አንዳንዱም ባቄላ። ግቢው ነጭ ሆነ። እማ በሩ ላይ ቆማ የገበሬውን በቆሎ እያሰበች ዱዓ ታደርግ ነበር። ከንፈሯን ነው ያየሁት።

ድንገት ዘወር ብላ ትልቁን የብረት ሳህን አነሳች። አጠበችው። መልሳ አጠበችው። ራሷ ወጣች፤ እኔ ልሂድ ብላት እጄን ገፋችው። ጀርባዋን በረዶ እየመታት ሳህኑን ግቢው መካከል አስቀመጠችና እስኪሞላ አጠገቡ ቆመች። ምን ያስቆማታል ብዬ ነበር። መሬት የወደቀውን ላለማንሳት ነው ለካ፤ ዶሮ እንዳይገባበት እየጠበቀች ነው። ስትገባ ሒጃቧ ትከሻዋ ላይ ተጣብቋል፣ ግንባሯ ቀልቷል። ሳህኑን እጄ ላይ አደረገችው።

"ሳይቀልጥ ሥሪላት።"

"እማ፣ ብርዱስ?"

"ብርዱን ለኔ ተዪው።"

ፈትያን ጠቀለለቻት። ካልሲ በካልሲ ላይ፣ ጋቢ፣ ብርድ ልብስ፣ የራሷን ደረቅ ሻሽ እስከ ቅንድቧ። የቀራት ፊቷና ሁለት እጇ ነው። ከዚያ እግሯ ሥር ተቀምጣ እጆቿን ጋቢው ውስጥ ሰደደችና እግሮቿን ያዘቻቸው። "አራስ ናት" አለች ለእኔ፤ ረቡዕ ለተናገርኩት መልስ መሆኑ ገብቶኛል። "ያማራትን ትጠጣለች። እኔ አሞቃታለሁ።"

ጣሳው ውስጥ የሚነፋ ዱቄት አልነበረም። ለብ ያለ ውሃ ጨምሬ ጎንና ጎኑን በማንኪያ ፋቅሁት፣ ወደ ጠርሙሱ ገለበጥኩት፣ መናጥ ጀመርኩ። ፈትያ አየችኝና እጇን ዘረጋች።

"አምጪው። አንቺ ትለፊያለሽ እንጂ አትንጪም።"

ሰጠኋት። ክንዷ ቀጥኗል። ትንሽ ናጠች፣ አረፈች፣ እንደገና ናጠች። የእማን በረዶ ብርጭቆው ውስጥ አስገባች፣ ወተቱን ለክታ ጨመረች፤ በእርግጥ ከኔ ያነሰ ነው። አረንጓዴውን አፈሰሰች። ከሐሙሱ የሳሳ ነው። ግድ የላትም።

ጠጣች። አንድ ጉንጭ። ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ሌላ። እማ እግሯን አልለቀቀችም፤ በያንዳንዱ ጉንጭ እሷ ናት የምትንቀጠቀጠው። ግማሽ ሲደርስ ፈትያ ብርጭቆውን ለእማ ዘረጋችላት። እማ በጥርጣሬ ቀመሰች።

"ሣር ነው" አለች። ጥቂት አሰበችና፣ "ጥሩ ሣር ነው።"

ያኔ ነው ፈትያ ያለቀሰችው። በድምፅ፣ ከመጣች የመጀመሪያዋ። እማ ዝም በይ አላለቻትም። እኔም ከክፍሉ አልወጣሁም። በልቅሶው መካከል "ፀጉር ነበራት፣ ብዙ ፀጉር" አለች።

"እንዳንቺ" አለች እማ። "አንቺም ስትወለጂ እንዲያ ነበርሽ።"

ከዚያ ስለ ልጅቷ አወሩ። ጣቶቿን፣ አገጯን። እስከዛሬ ማንም አልጠየቃትም ነበር። እኔም አልጠየቅኳትም።

ብርጭቆውን ጨረሰችው። በረዶው ሲያልቅ የቀለጠውን ውሃ ደግሞ ጠየቀች። ሊመሽ ሲል ተነስታ እኔን ተደግፋ ወደ ሽንት ቤት ሄደች። ደጅ ሆኜ ጠበቅኋት። ሲስተር ነገ ስትጠይቀኝ የምመልስላት አለኝ፤ ሰው በዚህ ደስ ይለዋል ብዬ አስቤ አላውቅም። የእሑዱን መንገድ ግን አሁንም እያሰብኩት ነው። አንድ ብርጭቆ አንድ ብርጭቆ ነው። ጣሳውም ባዶ ነው።

ስንመለስ ስልኳ ይጠራል። ጀማል ነው። አላነሳችውም፤ ግን ገልብጣ አላስቀመጠችውም።

እማ ከማድቤት ሆና፣ እንደ ዋዛ፣ "ገንፎ ላገንፋልሽ?" አለች።

ፈትያ እሺ አላለችም። እምቢም አላለችም። እማ ግን ዱቄት መንፋት ጀምራለች። ሄጄ ወንፊቱን አየሁ። የበርበሬው አይደለም።