ሁለቴ ካልተንኳኳ

ከቡላሪ ማደያ በስተሰሜን፣ ደረቁ ወንዝ ዳር
ሐሙስ፣ ሐምሌ 18

ለውድ ልጄ ለጄኔል፣

እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ መጀመር ነበረብኝ፤ ግን ተናድጃለሁ። ትናንት ከማደያው ደውዬ አባትሽ ጥሎኝ መሄዱን ስነግርሽ ሳቅሽ። ስቀሽ ስታበቂ ደግሞ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ “እማ፣ ለሐኪም ብታሳዪው” አልሽ። ይሄ ከሳቁ የባሰ ነው። መስመሩ የተቋረጠ መስሎሽ ከሆነ፣ እኔ ነኝ የዘጋሁብሽ።

እስቲ ምኑ ያስቃል? ገላዬን ልታጠብ ማደያው መታጠቢያ ቤት ገባሁ፤ ስወጣ መኪናውም የለ፣ ከኋላው የሚጎትተው ቤታችን ካራቫኑም የለ። በነጠላ ጫማ፣ ፎጣ አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ፣ ፀጉሬ ውሃ እያንጠባጠበ ነዳጅ መቅጃው አጠገብ ተገተርኩ። የማደያዋ ባለቤት ፓውላ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

“አይዞሽ፣ የመጀመሪያዋ አይደለሽም። ባለፈው አንዱ ሚስቱን ረስቶ ውሻውን ይዞ ሄዷል።”

“የኔው ዴዝ ሚስቱን አይረሳም።”

“ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት” አለችኝ።

እሷ ምን ታውቃለች። አንቺ ግን እንዴት እንደምንነሳ ከልጅነትሽ አይተሻል። ካራቫኑን የምዞረው እኔ ነኝ፤ መወጣጫውን አጥፋለሁ፣ ጋዙን እዘጋለሁ፣ ማያያዣውን አያለሁ፣ ከዚያ ጎኑን ሁለቴ አንኳኩቼ መኪናው ውስጥ እገባለሁ። አባትሽ ያን ሳይሰማ ተነስቶ አያውቅም። አንቺን ልወልድ ምጥ የያዘኝ ቀን እንኳ “ሳታንኳኪማ አልነሳም” ብሎ ከመኪና አስወርዶኛል። ታዲያ ትናንት ማን አንኳኩቶለት ነው የሄደው?

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፤ ኖርም የሚባል ባለ ሦስት ተሳቢ የጭነት መኪና ሹፌር ጫነኝ። እሱም ዝም አይል፤ ሬዲዮውን አንስቶ “ነጭ ካራቫን የሚጎትት ሽማግሌ ያየ! ሚስቱን ማደያ ረስቷታል” ብሎ በመንገዱ ላለ ሹፌር ሁሉ አወጀ። ከየአቅጣጫው ተሳሳቁብኝ።

“እማማ፣ ሰውዬው አምልጦሽ እንዳይሆን” አለኝ።

“አርፈህ ንዳ” አልኩት። መንገዱን ሙሉ አባትሽን የምሰድበውን ስድብ ስመርጥ ነበር።

ያገኘነው እዚህ ወንዝ ዳር ነው። ጥላውን ዘርግቶ፣ ሁለት ወንበር አውጥቶ፣ ሻይ አፍልቶ በሁለት ኩባያ ቀድቷል። አፌን ስከፍት ቀና ብሎ አየኝና በትህትና ፈገግ አለ።

“ይቀመጡ እትዬ” አለኝ። “ባለቤቴ አሁን ትመጣለች፤ ገላዋን እየታጠበች ነው። ይህ ግን የእሷ ሻይ ነው፣ ለእርስዎ ሌላ እቀዳለሁ።”

ኖርም ሳቁን ተወ። ኮፍያውን አውልቆ መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

አባትሽ ቀልደኛ ነው፤ ታውቂዋለሽ። ከጥፋቱ በቀልድ ሊያመልጥ ነው ብዬ ተቀመጥኩና ሻዩን ጠጣሁት። ስኳሩ ልክ እኔ እንደምወደው ነበር። ትንሽ ቆይቶ “ሞሪን፣ ምነው ፎጣ አንገትሽ ላይ?” አለኝ። የመረጥኩት ስድብ ሁሉ ጠፋብኝ። በዚህም ተናድጃለሁ።

ዛሬ ጠዋት ቁልፉን ወሰድኩበት። “ነጂዋ እኔ፣ አንኳኪው አንተ” ስለው ደስ አለው። ዞረ፤ መወጣጫውን አጠፈ፣ ጋዙን ዘጋ፣ ማያያዣውን አየ። አንድም አላጎደለም። ከዚያ ሁለቴ አንኳኳ። ሞተር አስነስቼ በሩ እስኪከፈት ጠበቅሁ። ቢቆይብኝ በመስታወት ሳይ፣ ዳር ላይ ቆሞ እጁን እያወዛወዘ ይሸኘኛል። መልካም መንገድ ይለኛል፤ የሃምሳ ዓመት ባሌ።

ሞተሩን አጠፋሁ። ወርጄ እጁን ይዤ አስገባሁትና ቀበቶውን አሰርኩለት። አሁን አጠገቤ ተኝቷል። እኔ ሰው መንገድ ላይ ጥዬ አልሄድም፤ ይህንን ለሚስቁት ሁሉ ንገሪልኝ።

ልጆችሽን ሳሚልኝ። ደጅሽን የሚያንኳኳ ሁሉ የምታውቂውና የሚያውቅሽ ይሁን።

እናትሽ ሞሪን

የዚያን ሐኪም ስልክ ላኪልኝ። ሳትስቂ።