የአቶ ዳኘው እጅ

ማንኩሳ፣ ከፍኖተ ሰላም አለፍ ብሎ

ራጂያዬ፣

የዛሬውን ሳልነግርሽ እንቅልፍ አይወስደኝም! የበርበሬ ገበሬዎችን ደም ልመረምር እንደመጣሁ ታውቂያለሽ። እኛ ኮምቦልቻ ሰዉ መርፌ ሲያይ ፊቱን ያዞራል፤ እዚህ የገዛ ደሙን ለማየት ይጋፋል!

አቶ ዳኘው የሚባሉ አባት በርበሬው ላይ የሚረጩትን የፈንገስ መድኃኒት እጃቸውን እስከ ክርናቸው ባልዲ ውስጥ ከተው ያማስላሉ። «ምነው በዱላ ቢያደርጉት?» ብላቸው፣ «ዱላ ምን ያውቃል? መሟሟቱን የሚያውቅ እጅ ነው» አሉኝ። ክርክሩን ትቼ ማሳው ዳር የለስላሳ ሳጥን ላይ ማይክሮስኮፔን አቆምኩና ከጣታቸው የወሰድኩትን ደም አሳየኋቸው። ቀይ የደም ሴሎቹን ሲያዩ «ይኼማ ሰፌድ ነው!» ብለው ሳቁ። ቀጥሎ መድኃኒቱን በላብራቶሪ የጨው ውሃ በጥብጬ አንዲት ጠብታ ጨመርኩበት። ወዲያው ሰፌዶቹ ተጨማደዱ፣ ዙሪያቸውን እሾህ አወጡ፤ አንዳንዶቹም ፈነዱ። «በቆዳ የሚገባው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው፤ ግን በየክረምቱ ነው» አልኳቸው።

ሳቃቸው ጠፋ። «የምረጭበትን ልብስ በእጇ የምታጥብ ሀብትነሽ ናት» አሉና ሚስታቸውን ሊጠሩ ሮጡ፤ በዚያ ዕድሜያቸው! ሲመለሱ በአንድ እጃቸው ወይዘሮ ሀብትነሽን፣ በሌላው የወይራ ዱላ ይዘዋል። ራጂያ፣ በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝ!

ፖስት ካርዱ ሞላ፣ ጠርዙ ላይ እየጻፍኩ ነው። ልጆቹን ሳሚልኝ። ለእናትሽ ለእትዬ ኡምሀኒም ሰላም በይልኝ፤ የጓሮ ቲማቲማቸውን መድኃኒት በምን እንደሚያማስሉ ትዝ አለኝ። ወይራ አስቆርጬላቸዋለሁ፤ እስክደርስ እጃቸውን ያዢልኝ።

ሰብሊ