በፖስተኛው ልክ የተሰፋው ሱሪ

ለውድ እህቴ ለእታለም፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? በስልክ ስታወሪ ያቋርጥሽ የነበረው ሳል ለቀቀሽ ወይስ አሁንም “ደህና ነኝ” እያልሽ ታታልዪናለሽ? ሥራሽ፣ ክፍልሽ፣ አብራሽ የምትኖረው ልጅ እንዴት ናቸው? እኛ ደህና ነን። እማዬን አልፎ አልፎ እግሯን ይቆረጥማታል እንጂ ሌላ የላትም። ሚጢጢ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ በሩ የተረሳ ቤት ትመስላለች። የአባባ ነገር ግን በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ይህን ጻፍኩልሽ።

ወንድም ጋሼ ካረፈ ወዲህም አባባ የስፌት ሱቁን እንደ ልማዱ በጠዋት ይከፍታል። ድሮ አባባ ደንበኛውን እየለካ ቁጥር ሲጠራ ወንድም ጋሼ በሠራው የመረጃ ቋት ላይ ይመዘግብ እንደነበር ታስታውሻለሽ። “የእገሌን አውጣልኝ” ሲለውም የሰውዬውን ገጽ ያወጣለት ነበር። አሁን እኔ ትምህርት ቤት ስለምውል አባባ ብቻውን በአንድ ጣቱ ይፈልጋል። እኔም አንዳንድ ቀን ስመለስ ኮምፒውተሩ ጋ ተቀምጦ የማገኘው እየመሰለኝ በሩን እገፋለሁ።

በቅርቡ ግን የሚሰፋው ልብስ ለባለቤቱ አልሆን ይል ጀመር። መጀመሪያ የዳቦ ጋጋሪው ጃኬት እጅጌው ጣቱን ሸፈነው። ቀጥሎ የጎረቤታችን የፀጉር አስተካካዩ ሱሪ መጣ። ሰውዬው አጭርና ደንዳና መሆናቸውን ታውቂያለሽ። ሱሪው ወገባቸው ላይ አልገጥም ብሎ ከታች ግን መሬት ለመሬት ተጎተተ። “ምነው ጌታው፣ ይሄን ለብሼ መንገዱን ልጥረግ ነው?” ብለው ሁላችንንም አሳቁን። አባባ ብቻ አልሳቀም። ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። እራት ላይ “እጄም ዓይኔም ከልጄ ጋር ሄደዋል። የሰው ጨርቅ ከማበላሽ ማሽኖቹን የሚገዛ ሰው ፈልጉልኝ” አለ። እማዬ “ምን ያለ ቃል ነው!” ብላ ተቆጣች፤ ግን እሷም ፈርታ ነበር።

እኔ አላመንኩም። ሱሪውን ገልብጬ ሳየው አንድ ጠማማ ስፌት የለውም። ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ ከአባባ ጎን ተቀምጬ ሲሠራ ዝም ብዬ አየሁት። ደንበኛ ሲገባ ኮምፒውተሩ ላይ የመመዝገቢያ ቅጹን ከፈተ። ስክሪኑ ላይ የሌላ ሰው ገጽ ወጥቶ ስሙ ጋ ጠቋሚው ብልጭ ብልጭ ይላል። አባባ በዚያ ስም ላይ የአዲሱን ደንበኛ ስም ጽፎ ቁልፉን ተጫነ። “አባባ፣ መፈለጊያው እኮ ከላይ ያለው ነው” ስለው፣ “ብልጭ የሚለው እዚህ አይደል? እዚህ ጻፍ ማለቱ ነው” አለኝ። እውነቱን ነው፣ ራሱ ኮምፒውተሩ ጠርቶታል። ቅጹ የተጻፈበትን ሁሉ ሳይጠይቅ ያስቀምጣል። ስሙ ተለውጦ ይቀራል፣ ከስር ያሉት ቁጥሮች ግን የድሮው ሰው ናቸው።

ወዲያው የፀጉር አስተካካዩን ስም ፈለግሁ። ሁለት ፀጉር አስተካካይ ወጣ! አንዱ ጋ ያለው ስልክ የቀጭኑ፣ የረጅሙ የፖስተኛው ነው። የፖስተኛው ስም ደግሞ የትም የለም። ለአባባ ብነግረው “ተወኝ፣ ልታጽናናኝ ነው” አለ። ስለዚህ ደውዬ ፖስተኛውን ጠራሁትና ሱሪውን አስለበስኩት። እታለም፣ ልክክ አለለት! እላዩ ላይ የተሰፋ ይመስል ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛቸውን ግማሽ ራሱ እንደተላጨ ትተው እየሮጡ መጡ። “ታዲያ ቦርሳውንም ስጡኝና ደብዳቤ ላድል!” አሉ። አባባ ጎንበስ ብሎ የሱሪውን ጫፍ ብዙ ጊዜ አየው። ሲነሳ “እጄስ አልከዳኝም” አለ፣ ቀስ ብሎ። ሜትሩንም መልሶ አንገቱ ላይ አደረገ።

ቅጹን ላስተካክለው ስል ግን “እሱ የሠራውን እንዳትነካ” ብሎ ከለከለኝ። አልፈረድኩበትም። ያን የማያምር አረንጓዴ ቀለም የመረጠው ወንድም ጋሼ ስለሆነ እኔም ልቀይረው አልፈልግም። ፀጉር አስተካካዩ ናቸው ያገላገሉን። “ለበሩ ቁልፍ ቢገባለት ቤቱ ፈረሰ ይባላል እንዴ?” አሉት። አባባ አሰበና “በመጀመሪያ ቅጂ አውጣ” አለኝ።

ቅጂውን አውጥቼ ቅጹ በሙሉ ማስተካከል እንዳይፈቅድ አደረግሁ። መፈለጊያውም አብሮ ደረቀ። ሌባ ፈርቼ ባለቤቱን ውጭ አስቀረሁ ማለት ነው። ከዚያ ያንን መልሼ ስምና ቁጥር የሚጻፍባቸውን ሣጥኖች አንድ በአንድ ቆለፍኩ፣ መፈለጊያውን ብቻ ክፍት ተውኩ፣ ጠቋሚውም ሁልጊዜ እዚያ እንዲጀምር አደረግሁ። ከታች “ላስተካክል” የሚል ቁልፍ ጨመርኩ። እሱ ካልተነካ ምንም አይጻፍም። ሲነካ ሣጥኖቹ ቢጫ ይሆናሉ፤ ወደ ሌላ ሰው ስታልፊ ደግሞ ራሳቸው ይቆለፋሉ። ለሙከራ ሚጢጢን አስቀመጥናት። እንደ ዶሮ ጫረችው፤ አንድ ፊደል አልተለወጠም።

አባባ መጀመሪያ የእኔን ገጽ ፈለገ። ለካኝና “ረዘምክብኝ” እያለ “ላስተካክል”ን ራሱ ተጭኖ አዲሱን ቁጥር ጻፈ። ቀጥሎ የወንድም ጋሼን ስም ጻፈ። ትከሻው፣ ደረቱ፣ እጅጌው ሁሉም አለ። ጣቱ ቁልፉ ጋ ቆየ። ከዚያ እጁን አነሳና “ይሄ እንዳለ ይቆይ። የእህትህን አውጣልኝ፤ እሷ ገና ትለወጣለች” አለ።

ስለዚህ ኮት ሊሰፋልሽ ነውና አብራሽ ያለችው ልጅ ትለካሽ። ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ እጅጌ። ከስተሽም ከሆነ እውነቱን ጻፊ፣ አባባ ሲያየው ያውቃል።

እማዬ ጉንጭሽን ትስማለች፤ በሳልሽ ላይ ብርድ እንዳትጨምሪበት ብላለች። ሚጢጢ ከኮቱ ኪስ ውስጥ አንድ ነገር እደብቃለሁ ብላለች፤ ጥርሷ እንዳይሆን እፈራለሁ። ፀጉር አስተካካዩ አዲሱን ሱሪያቸውን ለብሰው ሰላም ብለውሻል። አባባም ሰላም ብሎሻል። ኮምፒውተሩን እንዳትዘጋው ብሎኝ ወደ ማሽኑ ሄደ። ገጽሽ ቢጫ ሆኖ እየጠበቀሽ ነው።

ወንድምሽ

ከሱቁ፣ ከመስኮቱ ጠረጴዛ
እሑድ፣ ኅዳር 12 ቀን