ያልተሰካው ስክሪን

ሰኞ

ዛሬም ፕሮግራሙ ወደቀ። ታች ያሉት ጎረቤቴ ጋሽ መኩሪያ ደብዳቤ እየጻፉ ሳለ ኮምፒውተሩ ቀጥ አለ፤ የሚያነብላቸው የሴት ድምፅም አብሮ ጠፋ። "ዘሃራ፣ ከመጥፋቷ በፊት ሁለተኛ ስክሪን ተሰክቷል አለችኝ" አሉ። የምን ስክሪን? ላፕቶፑ ላይ ከኤሌክትሪክ ገመዱ በቀር የተሰካ ነገር የለም። ጠረጴዛው ሥር ሳይቀር ገብቼ አየሁ። የለም።

ጊዜዬ እስከ ዓርብ ነው። ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ አዲስ ዴስክቶፕ፣ መስኮቶቹን ሁሉ ስክሪን ላይ የሚያሰናዳ ፕሮግራም፣ በነጻ እየሠራን ነው፤ የእኔ ድርሻ ለማያዩ ሰዎች ስክሪኑን የሚያነበው ድምፅ ነው። መውደቁን እስከ ዓርብ ካላስቆምኩ ድምፁ ከፕሮግራሙ የመጀመሪያ እትም ይቀራል። ባህር ማዶ ያሉት ባልደረቦቼ ቁርጡን ነግረውኛል። ጋሽ መኩሪያስ? ፍርድ ቤት በር ላይ በታይፕ ማመልከቻ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል። ለቅዳሜ አንዲት ባለጉዳይ ቀጥረዋል። እኔን አምነው!

ማክሰኞ

ላፕቶፑን ፎቅ ወደ ክፍሌ አወጣሁት። ስጽፍበት ዋልኩ፣ መስኮት ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ ቁልፎቹን እንደ እብድ ቀጠቀጥኩ። አንዴም አልወደቀም። እሳቸው ዘንድ ሲመለስ ግን ሰዓት ሳይሞላ ወደቀ።

ማሽኑ የመዘገበውን ዝርዝር አነበብኩ። እውነትም ሁለተኛ ስክሪን ነበረ ይላል። ስም የለውም። የፋብሪካ ቁጥር የለውም። የጋሽ መኩሪያ ደብዳቤ ተከፍቶ የነበረው እዚያ ላይ ነው።

ሕንፃውም አያግዝም። ግራ ቀኝ ያሉት ቤቶች ከፈረሱ ወዲህ ተከራዩ ሁሉ ለቅቆ እኔ ላይ፣ እሳቸው ታች ቀርተናል። ከሳንቃው ወለል ሥር ያ የሴት ድምፅ ይሰማኛል፦ "ሁለተኛ ስክሪን ተሰክቷል።" ቆየት ብሎ ደግሞ፦ "ሁለተኛ ስክሪን ተነቅሏል።" በጠራራ ፀሐይ!

ረቡዕ

አብሬያቸው ልዋል ብዬ ወረድኩ። "ስጽፍ አጠገቤ ሌላ ሰው የሚጽፍ ይመስለኛል" አሉኝ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው። ሳቅሁ። ሳቄ ለራሴም አላማረኝ።

መስኮቱ አጠገብ ሆኜ ኮዴን ሳገላብጥ ድምፁ ስክሪን ተሰክቷል አለ። ቀና ብል የላፕቶፑ ስክሪን ድርግም ብሏል፤ ጥቁር። ጋሽ መኩሪያ ግን ይጽፋሉ፤ ድምፁም ቃል በቃል ይከተላቸዋል። ከየት ነው የሚያነበው? ቢስሚላህ አልኩ።

"ምነው?"

"ምንም፣ ጋሼ።" ዋሸሁ። ፈርቻለሁ። ትንሽ ቆይቶ ሁሉም ነገር ቀጥ አለ።

ሐሙስ

ዛሬ ስክሪኑን ትቼ እጃቸውን አየሁ። መስመር ጨረስኩ ባሉ ቁጥር ግራ እጃቸው ይነሳል፣ የላፕቶፑን ክዳን ጥግ ይይዛል፣ ሳብ ያደርጋል። የታይፑን ሰረገላ፣ ወረቀቱን ተሸክሞ የሚንሸራተተውን፣ መመለሳቸው ነው! ደወሉ የለም፣ ዘንጉ የለም፣ እጃቸው ግን አልረሳም። እሳቸውም አያውቁትም። ክዳኑ ጎንበስ ይላል፤ አንዳንዴ ወዲያው፣ አንዳንዴ ቆይተው ቀና ያደርጉታል።

አሮጌ ላፕቶፕ ነው፤ ክዳኑ ትንሽ ዝቅ ካለ የተዘጋ ይመስለውና ስክሪኑን ያጠፋል። የእኛ ዴስክቶፕ ደግሞ ደብዳቤውን የሚያኖርበት ሲያጣ የሌለ ስክሪን ፈጥሮ እዚያ ያስቀምጠዋል። ክዳኑ ቀና ሲል ይመልሰዋል። በየመስመሩ እንዲህ ሲመላለስ ይወድቃል። ለካ ሳምንቱን አይጥ በበላ ዳዋ ስመታ ነው የከረምኩት፤ ያልጠረጠርኩት ነገር የለም። ስክሪኑ በእጃቸው የተነሳ እንደሚጠፋ ነገርኳቸው።

"በቃ፣ ክዳኑ ሲነካ ድምፁም ጽሑፉም አብሮ እንዲቆም አደርገዋለሁ" አልኳቸው፣ በደስታ። እጃቸውን ከቁልፎቹ ላይ አነሱ።

"ለእኔ በራ ጠፋ ምን ይለውጣል? ሰው ገመናውን ሲነግረኝ ከኋላዬ ቆሞ የሚያነብ ስንቱ ነበር መሰለሽ! ጨለማውንስ ተይልኝ። እንዳይወድቅ ብቻ አድርጊው።"

አፈርኩ። ላስተካክልላቸው ሳይሆን ላጠፋው ነበር የተነሳሁት።

ዓርብ

ከጁምዓ በፊት ጨረስኩ። የሌለው ስክሪን አሁን እንደ እውነተኛው ጸንቶ ይቆማል፤ ክዳኑ ቢነሳ ቢወድቅ ደብዳቤው ካለበት አይነቃነቅም። ከሶላት መልስ ጋሽ መኩሪያን "እንደፈለጉ ይሳቡት" አልኳቸው። ሳቡት፣ ገፉት፣ ደበደቡት። አልወደቀም። ኮዱን ላክሁት።

ከባልደረቦቼ አንዱ "ማን ነው በጠፋ ስክሪን የሚሠራው?" ብሎ ጻፈልኝ። ጎረቤቴ ናቸው አልኩት። አመሻሹ ላይ መልስ መጣ፤ ድምፁ እትሙ ውስጥ ይገባል። ብቻዬን እልል አልኩ፤ ባዶው ፎቅ መልሶ እልል አለብኝ።

ቅዳሜ

ባለጉዳይዋ ሴትዮ መጣች። ጆሯቸው ሥር ሆና በሹክሹክታ ነገረቻቸው። በሩ አጠገብ ስለነበርኩ አንዲት ቃል አልሰማሁም። ጋሽ መኩሪያ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ጻፉ፤ ክዳኑ ጎንበስ፣ ስክሪኑ ጥቁር። በክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የጣታቸው ኮቴ ብቻ ነው።

ሴትየዋ ጥቁሩን ስክሪን አይታ አይታ ወደ እኔ ዞረች። "እህቴ፣ ነገሬን እውነት እየጻፉልኝ ነው? አንቺ ዓይን አለሽ፣ እስቲ እዪልኝ።"

ቀርቤ ጎንበስ አልኩ። ጥቁር መስታወት፤ የእኔ ፊት፣ ከኋላዬ የእሷ ፊት። ሌላ ምንም።

"አይታየኝም" አልኩ።

ጋሽ መኩሪያ ማዳመጫውን ከላፕቶፑ ነቀሉ። "ሁለታችሁም ቁጭ በሉ" አሉ። "አነብላችኋለሁ።"