እምቢ ካሉ በኋላ

አውሮራ፣ ኮሎራዶ
ጥር 18 ቀን 2007 ዓ.ም.

ልጄ ቅዱስ፣

ሳሉ እንዳልለቀቀህ የጻፍክልኝ ደብዳቤ በአርባ ሁለት ቀኑ ደረሰኝ። እናትህና እህትህ ሳሌም ደህና ናቸው። በአማርኛ የምጽፍልህ የእስር ቤቱ ሰዎች እንዳያነቡት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እያለቀስክ ፊደል ያስቆጠርኩህ ለዚህ ቀን ይሆናል ብዬ አልነበረም።

ነጋዴ መርከቦችን ከባሕር ወንበዴ የሚጠብቅ ኩባንያ ሲቀጥርህ ተቆጥቼ ነበር። የዚያ አገር ባሕር ኃይል መርከባችሁን ከነመሣሪያዋ ሲይዛት ግን ቁጣዬ ካንተ ወደ እነሱ ዞረ። ዐቃቤ ሕጉ «ካፒቴኑ መሣሪያ ሊሸጥ ሆን ብሎ ወደ ባሕራችን ገባ ብለህ ፈርምና ወደ አገርህ ሂድ» ሲልህ «አትፈርም» አልኩህ። ወደዚያ የገፋችሁ ማዕበል መሆኑን በዓይንህ አይተሃል።

ከማነበው መጽሐፍም ምሳሌ ሰጠሁህ። በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ጊዜ የግል መርከቦች የመንግሥት ፈቃድ ይዘው የእንግሊዝን ነጋዴዎች ያጠቁ ነበር። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሲማርካቸው መርከበኞቹን ኒውዮርክ ወደብ ላይ፣ የሸራ ምሰሶዋ በተነቀለ አሮጌ መርከብ ውስጥ አጎራቸው። «ለንጉሡ ያደረ ይወጣል» ተባሉ። አብዛኞቹ እምቢ አሉ። «እንደ እነሱ ሁን» ብዬ ጻፍኩልህ።

የዚያን ደብዳቤ ቅጂ እናትህ አገኘችው። እንደቆመች አነበበችው።

«ከዚያስ?» አለችኝ።

«ምን ከዚያስ?»

«እምቢ ካሉ በኋላ ምን ሆኑ?»

«እምቢ አሉ አልኩሽ እኮ።»

«አንተ ሰውዬ፣ የተማርክ አይደለህም እንዴ? መጽሐፉን ጨርሰዋ! ደግሞ መርህህን ከወደድክ ሄደህ አንተ ታሰርለት። ልጄን ምን አድርግ ትለዋለህ?»

አልጨረስኩትም ነበር፣ ቅዱስ። በምሠራበት ፓርኪንግ ውስጥ ባልደረባዬ እንዳልክ አንድ የታርጋ ቁጥር ሲስት የምጮህበት ሰው፣ ልጄን እስር ቤት ያስቀመጥኩበትን መጽሐፍ ግማሹን ብቻ ነበር ያነበብኩት።

በማግስቱ ሥራ ላይ ሆኜ ጨረስኩት። እንዳልክ በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ «ጋሽ መኮንን፣ ዛሬም መርከብ ላይ ነዎት? መኪናው እስከ አስፋልቱ ተሰልፏል እኮ!» አለኝ። ዞር በል አልኩት።

በዚያ አሮጌ መርከብ ላይ በየጠዋቱ ጠባቂው ክዳኑን ከፍቶ «ሬሳችሁን አውጡ!» እያለ ይጮህ ነበር። የሞቱትን ዳርቻው ላይ በስሱ አሸዋ ያለብሷቸዋል፤ ውኃው ሲሞላ መልሶ ያወጣቸዋል። የጨረሳቸው ጥይት አይደለም፤ ትኩሳት፣ ፈንጣጣና ተቅማጥ ነው። ብዙዎቹ ያንተ እኩዮች ነበሩ። ስማቸውን እንኳ በትክክል የመዘገበ የለም።

ስለዚህ ፈርም።

ካፒቴኑ ሽማግሌ ነው፤ ባንተ ፊርማ ዓመታት ሊጨመሩበት እንደሚችሉ ጽፈህልኛል። አዎ፣ ይጨመሩበታል። ውሸት መሆኑንም እኔና አንተ እናውቃለን። ለውሸቱ ሌላ ስም አውጥተህ ራስህን አታታል። ፈርም፤ ሐኪም ያለበት አገር ግባ።

አንድ ነገር ልንገርህ። በ1981 ግንቦት፣ ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ ሳለሁ፣ ኮማንደር ሀብተጊዮርጊስ የሚባሉ አለቃ ነበሩን። በመፈንቅለ መንግሥቱ እጃቸው አልነበረበትም። የደኅንነት ሰዎች እኛን ስድስት መኮንኖች ለየብቻ አስረው «የኮማንደሩ እጅ ነበረበት ብላችሁ ፈርሙ» አሉን። አምስቱ እምቢ አሉ። ኮማንደሩም አምስቱም አልተመለሱም።

ኅዳር ላይ እናትህን አገባሁ። ታሪኩን ታውቀዋለች፤ የታሰሩት አምስት ነበሩ ብዬ ነው የነገርኳት።

ስትመጣ ኤርፖርት ቆሜ እጠብቅሃለሁ። ስለ ካፒቴኑ አንድም ቃል አልጠይቅህም።

እግዚአብሔር ከዚያ ቤት በእግርህ ያውጣህ።

አባትህ
መኮንን